ከጠርሙሱ የደፋሁት ውሃ

በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ አባቴን ልታሳስረው እንደሆነ ሰማሁ። ሰማሁ ልበል እንጂ ከሰማሁት ያልሰማሁት ይበዛ ነበር። ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ እንደ ጠጠር ይወግረዋል። እኔ ከጓዳው በር ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የትምህርት ቤት ጫማዬን ቀለም እቀባለሁ፤ እነሱ ሳሎን ናቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ድምፃቸው ይመጣል፤ ሲበረታ ይዋጣል።

«... ቁልፉን ስጠኝ፣» አለች አክስቴ።

ከዚያ ዝናብ።

«... ወንድሜ ... አልተውህም።»

ዝናብ።

«... ጠርሙሶቹ ይናገራሉ። አንተን ነው የሚያስሩት፤ ይሄን እወቀው።»

አባቴ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። እናቴ ግን «ምነው እትዬ፣ ልጅ አለው እኮ!» ስትል ድምጿ ከዝናቡ በልጦ መጣ። በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። አባቴ የታንከሩን ቁልፍ ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። አክስቴ ቆማለች። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ እየጠረገች ከላይ ወደ ታች ታየዋለች። ከሳሽና ተከሳሽ ከዚህ ሌላ ምን ይመስላሉ?

አባቴ የከተማው ውሃ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ክንድ የሚያህለውን የቧንቧ መዝጊያ ብረት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ስለሚዞር ሰው ሁሉ «ባለቁልፉ» ይለዋል። «ውሃ ሲጠፋ የምሰደበው እኔ፣ ሲመጣ የሚመሰገነው ፈጣሪ» እያለ ይቀልድ ነበር። ኮረብታው ላይ የተገተረው ትልቅ ታንከር ለእኔ የመንግሥት ሳይሆን የአባቴ ነበር። ታንከሩ ላይ መጥፎ ነገር የሚናገር አባቴን መናገሩ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት። ሐኪም ናት፤ በአገሩ ሕክምና ከተማሩት ሴቶች የመጀመሪያዋ። ክፍላቸው ውስጥ አርባ አንድ ወንዶችና እሷ ነበሩ። አስተማሪያቸው ዓመት እስከ ዓመት «ወንድሞች!» እያለ ነበር ትምህርት የሚጀምረው። «በምረቃችን ዋዜማ ‹ወንድሞችና ...› አለና ቃሉ ጠፍቶት ቀረ» እያለች ታስቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማዋለጃ ክፍል ሠራች። ከከተማው ሕዝብ ግማሹ እዚህች ምድር ላይ መጀመሪያ ያየው ፊት የእሷን ነው። በመንገድ ስታልፍ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳላት ነበር።

ጡረታ ወጥታ እኛ ቤት የኋለኛውን ክፍል ስትይዝ ግን ነገሩ ተለወጠ። ታርፋለች ሲባል ቦቲ ጫማ አጥልቃ ቦይ ለቦይ መዞር ጀመረች። የሰው ሽንት ቤት በር ታንኳኳለች። ከየት እንደሚቀዱ፣ በምን እንደሚያጠራቅሙ፣ ማን መቼ እንደታመመ ጠይቃ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። «ዶክተሯ በስተርጅና ጉድጓድ ማሽተት ጀመሩ» ተባለ። ጓደኞቼ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የዚያን ዓመት ታችኛው ሰፈር ታይፎይድ ገብቷል። አክስቴ ትኩሳት አለ በተባለበት ቤት ሁሉ ትገባለች። እሷ በገባችበት ቤት ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ አንዳንዴ ለቅሶ ይሰማል። ሰው ስለታመመ እንደምትገባ አላሰብኩም፤ ስለምትገባ የሚታመም ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እሑድ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ቤታችን መጥቶ ነበር። አባቴ «ዋናው» ይለዋል። ጥቁር ዣንጥላውን ሳያጥፍ በራችን ላይ ቆሞ የተናገረውን ያለ ዝናብ፣ ያለ ግርዶሽ ሰምቻለሁ። «እህትህን ያዝ። እሷ ውሃውን ከነካች አንተ ትነካለህ።» እንግዲህ በእኔ ሒሳብ ነገሩ ግልጽ ነበር። አክስቴ ውሃውን ልትነካ ነው፤ አባቴ ይነካል። ጠርሙሶቹ ይናገራሉ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ አባቴ ወጥቷል። አክስቴ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዋ አጠገብ፣ በገለባ የተሞላ የእንጨት ሳጥን አለ። ገለባው መሐል ውሃ የሞሉ ሦስት ጠርሙሶች። አፋቸው በቡሽ ተደፍኖ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በክር ታስሯል። እያንዳንዳቸው ላይ በእሷ ጽሑፍ ቁጥር ተለጥፏል። ቁልፉን ወስዳ ታንከሩ ላይ ወጥታ የቀዳችው መሰለኝ።

«አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ይነሳል፣» አለቻት እናቴን። «ጠርሙሶቹ እንዳይሞቁ በረዶ ቤት ደርሼ መጣሁ። ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው፣ አደራ።»

«አደራ» ያለችው ለእናቴ ነው። እናቴ ደግሞ ጓሮ አንሶላ እያጠበች ነበር። እኔ የከሰዓት ተማሪ ነኝ።

የግቢው በር ሲዘጋ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ከዚያ ገባሁ።

የመጀመሪያውን ክር ፈታሁ። ውሃውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ደፋሁት። ቀጥዬ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። አክስቴ እኛ ቤት ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጣ ካዘዘች ወር አልፏታል፤ ትልቁ ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል። የፈላ ውሃ ጥሩ ውሃ እንደሆነ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። ጥሩ ውሃ ይናገር ከተባለ ጥሩ ነገር ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ላይ እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት!»

«መቆንጠጫውን አምጪልኝ!»

ጠርሙሱን አልጋ ሥር አስገብቼ ሮጥኩ። የልብስ መቆንጠጫውን ሰጥቼ ተመለስኩና ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሦስተኛው ከእጄ አዳለጠና ገለባው ላይ ወደቀ፤ አልተሰበረም። ሞላሁት። ደፈንኩት። ክሩን አሰርኩ። አክስቴ ቁስል ሲሰፋ የሚታሰረውን የማይላላ ቋጠሮ በጫማዬ ክር አስተምራኝ ነበር። ያንኑ አሰርኩ። ከእሷ እጅ የሚለየው ነገር አልነበረም።

የግቢው በር ተንኳኳ። በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተሸክማ ገባች። ሳጥኑን አየች፤ እኔን አየች፤ እጄን ያዘችው።

«ምነው ጭራሮ፣ እጅሽ እርጥብ ነው?»

«ታጥቤ ነው።»

«ጎሽ፣» አለችኝና ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። ሳጥኑን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እኔና እናቴ ከኋላ ቆምን። ዋናው ከፊት ተነስቶ ከዋናው ከተማ ላቦራቶሪ ለውሃ ክፍሉ የተላከውን ወረቀት ዘረጋ፤ አነበበም። ሦስቱም ናሙና ንጹሕ ነው፤ ለመጠጥ ይሆናል።

«ዶክተር፣» አለ ወረቀቱን እያጠፈ፣ «እርስዎ ምጥ ያውቃሉ። ቧንቧውን ለእኛ ይተዉልን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ከደስታዬ ብዛት ለቅሶ ለቅሶ ይለኝ ነበር። አባቴም ሲስቅ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። አክስቴ ከወንበሯ ተነስታ «ወረቀቱን ልየው» አለች። አየችው። ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችውና በሰው መሐል አልፋ ወጣች። የተነሳላት ሰው አልነበረም።

በእነዚያ ቀናት እኔ ጀግና ነበርኩ። አባቴ ቤት ነው፣ አልታሰረም፤ ያዳንኩት እኔ ነኝ። አባቴ ለምን እራት እንደማይበላ፣ አክስቴ ለምን ቦቲዋን አውልቃ ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደምትቀመጥ አልጠየቅኩም። አንድ ጊዜ በሯ ላይ ሳልፍ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለራሷ «ተሳስቼ ይሆናላ» ስትል ሰማኋት። እሷ እንዲያ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ልጁ ጓደኛዬ ናት፤ የፊት ጥርሷ ክፍተት ስላለው «ፍንጭት» እንላታለን። በዚያ ክፍተት ውሃ ስትተፋ ከእኛ ሁሉ አርቃ ትተፋለች። እናቷ በአክስቴ ጉትጎታ ውሃ ታፈላ ነበር። ከስብሰባው ማግስት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እሰይ! ለከንቱ ከሰል ስፈጅ ከረምኩ፣» አለች። «ራስዎ ያስመረመሩት ነው አይደል ንጹሕ የተባለው?» አክስቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን አጥሩን ዘላ ትከራከራት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ክፍሏ ገባች። ፍንጭት በዚያው ቀን ከቧንቧው ሥር አፏን ከፍታ ስትጠጣ አይቻለሁ። እኔንም ጋብዛኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ገደማ ሆነ። ፍንጭት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት በፊት ልጠይቃት ሄድኩ። የስፌት መኪናው ጸጥ ብሏል። ልብስ ሰፊው መርፌ አፉ ላይ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምንም አያይም። ውስጥ ገባሁ። ፍንጭት ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ተከፍቷል ግን አታየኝም። በእጇ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ነገር ትለቅማለች። አክስቴ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቴርሞሜትሩን ወደ ብርሃን አዙራ እያነበበች ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልፈላ የጠጣችው?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት።

«ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉም አይደለም፤ የሚበቃውን ያህል ግን ገባኝ።

«አክስቴ፣» አልኩ፣ «ጠርሙሶቹን እኔ ነኝ የደፋኋቸው።»

ዘወር አላለችም። «የትኞቹን ጠርሙሶች?»

«ሦስቱንም።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በሽተኛ እንደምትጠይቅ ነበር የጠየቀችኝ።

«መቼ?»

«በረዶ ልታመጪ ስትሄጂ።»

«በምን ሞላሻቸው?»

«በማንቆርቆሪያው ውሃ።»

«በፈላው?»

«አዎ።»

«ክሩንስ?»

«አንቺ ባሳየሽኝ ቋጠሮ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ቴርሞሜትሩን ቀስ ብላ ማስቀመጫው ውስጥ ከተተችው። «ለምን?» አለች።

«አባዬን እንዳታሳስሪው።»

ከበርጩማው በአንዴ ስትነሳ በርጩማው ተገለበጠ። ለፍንጭት እናት «ካሁን በኋላ ያልፈላ ውሃ በዚህች ልጅ አፍ እንዳይገባ። ለጎረቤቱ ሁሉ ንገሪ፤ ሩጪ!» አለቻት።

«ወረቀቱስ ዶክተር?»

«ወረቀቱ ዋሽቷል።»

ማን እንዳስዋሸው አልተናገረችም። ክንዴን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። እስከ ውሃ ክፍሉ ድረስ አንዲት ቃል ሳትናገር በፈጣን እርምጃዋ ወሰደችኝ፤ እኔ እየሮጥኩ ነበር የምደርስባት።

አባቴ ፓምፑ ቤት ውስጥ ብሎን ያጠብቃል። «ንገሪው፣» አለችኝ። ነገርኩት። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ደረጃው ላይ ተቀመጠና በዘይት የጠቆረ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ጠርሙሶቹን የቀዳሁት እኮ እኔ ነኝ፣ ልጄ፣» አለ።

ያን ቀን ፓምፑ እየጮኸ፣ ከጩኸቱ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዝናቡ የዋጠብኝን ሁሉ ነገረኝ። ወደ ታንከሩ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ከሆስፒታሉ ቆሻሻ መውረጃ ጎን ለጎን ያልፋል። ሁለቱም አርጅተው አፈር ውስጥ እያፈሰሱ ነበር። ይህን ያገኘው ራሱ ነው። ለዋናው ሦስት ደብዳቤ ጽፎ መልስ አላገኘም። እህቱን «መርምሪልኝ» ብሎ የለመነው እሱ ነው። እሷ ደግሞ «ቁልፉን ስጠኝ፤ እኔ ልውጣና አንተ እንዳላየህ ሁን» አለችው። እሱ «በስድሳ ዓመትሽ መሰላል ልትወጪ? እኔው እቀዳለሁ» አለ። ያን ጊዜ ነው «እንግዲያው ወንድሜ፣ ብቻህን አልተውህም። ጠርሙሶቹ ይናገራሉ፤ ካወቁ ግን አንተን ነው የሚያስሩት» ያለችው።

አልተውህም። እኔ አልምርህም ያለችው መስሎኝ ነበር።

አባቴ ተነሳ። የመዝጊያ ብረቱን ከግድግዳው አወረደ። አክስቴ «ፈቃድ ሳይኖርህ?» አለችው። «ፈቃድ ስጠብቅ ነው እዚህ የደረስነው፣» አላት። ኮረብታው ሥር ካለው ጉድጓድ ገብቶ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ አዞረው፤ አርባ ጊዜ ያህል። በየዙሩ ያቃስታል። ከዚያ ፓምፑን አጠፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይጮህ ጀመር። አክስቴ የፓምፑ ቤት በር ላይ ቆማ «ከላይኛው ምንጭ ቅዱ! አፍልታችሁ ጠጡ!» እያለች ትጮሃለች። «አሁንም ሊያሾፉብን ነው?» አላት አንዱ፤ ድንጋይ ተወርውሮ የበሩን ቆርቆሮ መታ። ዋናው ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ።

«ማን ዝጋ አለህ?»

«ማንም።»

«ክፈተው!»

አባቴ ብረቱን ለአክስቴ አቀበላትና ሁለት እጁን ለፖሊሶቹ ዘረጋ። እኔ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እሪ አልኩ። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ «አይዞሽ፣» አለኝ። «ይሄን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።» አክስቴ ያንን ብረት በሁለት እጇ እንዳቀፈች፣ ከበሩ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ለካ ከፖሊሶቹ አንዱ ሲወለድ የተቀበለችው እሷ ኖራለች። ብረቱን ከእጇ ሊቀማት አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰ።

አባቴ አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። አክስቴ አዲስ ናሙና ቀድታ፣ በሰም አሽጋ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷ በአውቶቡስ ወሰደችው። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ የሚስቅ አልነበረም። መሬቱ ተቆፈረ፤ ሁለቱ ቧንቧዎች አባቴ ባለው ቦታ ተገኙ። «ዋናው» ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ከፍ ባለ ሥልጣን። አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ፍንጭት ዳነች። ፀጉሯ ረገፈና መልሶ በቀለ። ግራ ጆሮዋ ግን እንደተደፈነ ቀረ። እስከ ዛሬ ስንሄድ በቀኟ በኩል ነው የምሄደው። ምክንያቱን ነግሬያታለሁ፤ ወር ሙሉ አላናገረችኝም፤ ከዚያ ራሷ መጣች።

አክስቴ በስድሳ አንድ ዓመቷ ወደ ዋናው ከተማ ተጠራች። ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ዕድሜ፣ የአገሩን የመጠጥ ውሃ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ከአንድ ጠረጴዛ ጀምራ አቋቋመች። አሥራ አራት ዓመት መራችው። ናሙና በሁለት ሰው እንዲቀዳ፣ እንዲታሸግ፣ በሽታ ባለበት አገር ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ዳግመኛ እስኪመረመር ሰው አፍልቶ እንዲጠጣ የሚለውን ደንብ ያጻፈችው እሷ ናት። «ለምን ሁለት ጊዜ?» ብለው ሲከራከሯት «እኛ ሰዎች ስለሆንን» ትል ነበር አሉ።

በሰማንያ አምስት ዓመቷ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃታት በኋላ፣ ልጠይቃት ሄጄ ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት። ከወረቀቱ በኋላ ባሉት ቀናት ታችኛው ሰፈር ሦስት ሰው ሞቷል።

«በእኔ ነው?» አልኳት።

ትራሷን ከፍ እንዳደርግላት በእጇ አመለከተችኝ።

«አላውቅም፣» አለች። «አንዱ ቀድሞ ታሞ ነበር። ሁለቱን አላውቅም። አይደለም ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ጭራሮ። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ። በሽተኞቹን በዓይኔ እያየሁ፣ በእጄ እየዳሰስኩ፣ ሰው ስለሳቀብኝ ወረቀቱን አመንኩ። ቦቲዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። አንቺ አንድ ጠዋት ነው ያጠፋሽው፤ እኔ ሁለት ሳምንት።»

እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል።

ከዚያ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ስማቸውን ጠራች። ሦስቱንም፣ ከነአባታቸው፣ በሞቱበት ቅደም ተከተል። እኔም በቃሌ አውቃቸው ስለነበር ሁለተኛው ላይ ደረስኩባትና ሦስተኛውን አብረን ጠራነው።